በጠላት ዩኒፎርም

አሰልጣኙ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞት ጣሪያው ተንቀጠቀጠ።

ጀርባውን ለተሰነጠቀው ግድግዳ ሰጥቶ እግሮቹን እንደዘረጋ ነው። ግንባሩ ላይ የተቀባው ደም ቅንድቡን አልፎ ዓይኑ ጥግ ደርሷል፤ ያሳክከዋል። ሊያከው ግን አይችልም። የሞተ ሰው አያክም። ከካሜራው ጀርባ ዳይሬክተሩ ሁለት እጆቹን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቶ ሁሉንም ባሉበት አስቁሟቸዋል።

«ማንም እንዳይነቃነቅ» አለ በሹክሹክታ። «እየቀረፅን ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ በገንዘብም አናገኘው።»

እውነቱን ነበር። የእነሱ ፍንዳታ አንድ ከረጢት አመድና አንድ ርችት ነው። ጠመንጃዎቻቸው ከእንጨት ተጠርበው የጫማ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ሠራዊታቸው ደግሞ አሥራ አንድ ሰው ነው፤ ጠዋት የአንደኛውን ወገን ቆብ አድርጎ ያጠቃል፣ ከሰዓት የሌላውን ቆብ አድርጎ ይከላከላል። ዳይሬክተሩ ፊልሙን የጀመረው የቤቱን ሶፋ ሳይቀር ሸጦ ነው። ይህን የተዘጋ የጡብ ፋብሪካ የመረጠውም ኪራይ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ነው፤ ባለቤቶቹ ውጊያው የጀመረ ሰሞን ቆልፈውት ሄደዋል። ውጊያው ከተራራው ማዶ ነው ተብሏል። ከተራራው ማዶ ነው፣ ከተራራው ማዶ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ ስለተወራ፣ ተራራው ራሱ ዘብ የቆመላቸው ይመስላቸው ነበር።

ሁለተኛው ድምፅ ከተራራው ወዲህ ነበር።

ከጣሪያው ቀይ ብናኝ እንደ ወንፊት ዱቄት ወረደ። የመስኮቱ መስታወት ተሰነጠቀና አንዴ ቆም ብሎ ረገፈ። የሞቱትም የገደሉትም አንድ ላይ ብድግ ብለው ወደ በሩ ሮጡ።

«ካት!» ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ። የሰማው የለም።

አሰልጣኙ ከእነሱ ጋር ሮጦ ግቢው መሃል ሲደርስ ቆመ። ሚጡ የለችም።

ሚጡ የሚስቱ ታናሽ እህት ናት። የምትሠራው ሴቶች የሚዋቡበት ሳሎን ውስጥ ሲሆን፣ እዚህ የመጣችው ቁስልና ደም ለመቀባት ነው። ያመጣት እሱ ነው። እሱን ደግሞ ያመጣው ዳይሬክተሩ። አሰልጣኙ ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ነው፤ በወጣትነቱ በሠፈር ቴአትር ከመጫወቱ በቀር ተዋናይ ተብሎ አያውቅም። ዳይሬክተሩ የእሱ ተማሪ ነበር። አንድ ቀን በቀይ መብራት ሊያልፍ ሲል አሰልጣኙ «ያዝ!» ብሎ ሲጮህበት፣ መኪናውን አቁሞ ወደ እሱ ዞረና «ይሄንን ድምፅ ፊልሜ ውስጥ እፈልገዋለሁ» አለው። እንዲህ ሆኖ ነው የጠላት ጦር አዛዥ፣ መንደር የሚያቃጥል ሻለቃ የሆነው። ሚስቱ ጉዳዩን ስትሰማ ብዙ አልተናገረችም። «ሚጡን ነገር ቢያገኛት ከዚህ ቤት እንዳትመጣ» ብቻ ነው ያለችው።

ሚጡን ያገኛት ሜካፕ በምትሠራበት ክፍል ወለል ላይ ተንበርክካ ብሩሾቿን ስትለቅም ነው።

«ተይው!»

«የሰው ዕቃ ነው ጋሼ! ከሳሎኑ ተውሼው ነው!»

ክንዷን ይዞ እየጎተተ አወጣት። ሳጥኗን ግን አልለቀቀችም። ግቢው ባዶ ሆኗል። የጭነት መኪናው ሰዎቹን፣ ካሜራውንና የአልባሳቱን ከረጢት ይዞ ከበሩ ሲወጣ ያየው አቧራውን ብቻ ነው። ሱሪው፣ ሸሚዙና መታወቂያው ከረጢቱ ውስጥ ናቸው። የቀረው አሮጌው ሚኒባስ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ይነፋል።

«ኑ! ኑ በፈጣሪ! ኑ!»

ዘለው ገቡ። ሚኒባሱ ከግቢው ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ ሾፌሩ በመስታወቱ አየው።

«እንዴ! ልብስህን አልቀየርክም?»

«ልብሴ ሄዷል።»

«ታዲያ እንደዚህ ሆነህ ነው መንገድ ላይ የምንወጣው?»

«ምን ላድርግ? ራቁቴን ልሁን?»

«ራቁትህን ይሻል ነበር!» አለ ሾፌሩ። የዝናብ ካፖርቱን ከመቀመጫው ሥር መዞ ወረወረለት። አሰልጣኙ እስከ አንገቱ ቆለፈው። ሱሪውንና ቦት ጫማውን ግን የሚሸፍንበት ነገር አልነበረም።

አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ አዛውንት እናቱን በጋሪ የሚገፋ፤ ሁሉም ወደ ከተማው ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ማንም አይጮህም። አሰልጣኙን ከፍንዳታው ይልቅ ያስፈራው ይህ ዝምታ ነው። ሾፌሩ ጥቂት ሞከረና መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዞ በወንዙ ዳር ወደሚያልፈው የጠጠር መንገድ ገባ።

«ይሄኛው ባዶ ነው» አለ።

«ለምን ባዶ ሆነ?» አለች ሚጡ።

ሾፌሩ ጋዙን ረገጠ።

መንገዱ ከታጠፈበት ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ነበር። ከቁጥቋጦው ውስጥ ወታደሮች ወጡ። ፊታቸው፣ ፀጉራቸው፣ ሽፋሽፍታቸው ሁሉ አንድ ዓይነት አቧራ ለብሷል።

«የኛ ናቸው» አለ ሾፌሩ። ወዲያው ደግሞ ድምፁ ቀጥኖ «የኛ ናቸው አይደል?» አለ።

«ሞተር አጥፋ!»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ቀጥሎ ያደረገውን ግን ማንም አልጠበቀም። በሩን ከፍቶ ወረደና ወደ ወንዙ ሮጠ። አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ተተኮሰ። ሸንበቆው ተነቃነቀና ጸጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ ፈጠነ። በሩ ተከፈተ፤ አንድ እጅ የአሰልጣኙን አንገትጌ ይዞ አወረደው። የካፖርቱ ቁልፎች ተበጣጥሰው መሬት ላይ ተበተኑ። ትከሻው ላይ የተሰፋው ምልክት ፀሐይ ላይ ወጣ።

«ሻለቃ!» አለ አንድ ረጅም ወታደር። ድምፁ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። «ሻለቃ ነው ያገኘነው!»

አንበረከኩት። ጠጠሩ ጉልበቱን ወጋው። የጠመንጃው አፈሙዝ ማጅራቱ ላይ ቀዝቃዛ ይሆናል ብሎ ነበር፤ ግን ትኩስ ነው። ይህ ሰው በቅርቡ ተኩሷል ማለት ነው። ሚስቱን ሊያስብ ሞከረ፤ ፊቷ አልመጣለትም። የመጣለት ሌላ ነገር ነው።

«የእጅ ፍሬን» አለ።

«ምን አልክ?»

«መኪናው… የእጅ ፍሬኑ አልተያዘም። መንገዱ ቁልቁለት ነው።»

ረጅሙ ወታደር በቦት ጫማው ጀርባውን መታው። በዚያው ቅጽበት ሚኒባሱ እንደ ሰካራም ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ከፊቱ የነበሩት ወታደሮች እየተገፋፉ ሸሹ። ሚኒባሱ ድንጋዩን ገጭቶ ቆመ። ሚጡ ከውስጡ ሳጥኗን እንዳቀፈች ወደቀች፤ ተነሥታም ጮኸች።

«ፊልም ነው! ፊልም እየሠራን ነው! ቁስሉ ውሸት ነው፣ እዩት!»

ጠመንጃ እያነጣጠሩባት ወደ እሱ መጣች። ከሳጥኗ ጥጥ አውጥታ ዘይት ውስጥ ነክራ ግንባሩን ፈተገችው። ከደሙ ጋር አጥንት ድረስ የተሰነጠቀ የሚመስለው ቁስል እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ እጇ ላይ ቀረ። ከወታደሮቹ አንዱ ወደ ኋላ ተስፈነጠረ።

«ኧረ ቆዳው ተገፈፈ!»

«ሰም ነው! ሰምና ቀለም ነው፣ ወንድሜ!»

በዚህ መሃል መቶ አለቃው መጣ። አጭር፣ ድምፁ የተዘጋ ሰው ነበር፤ ስንት ቀን ሲጮህ እንደከረመ ያስታውቃል። ሬዲዮኑ እጁ ላይ እየተንኮሻኮሸ ሁለቱንም አያቸው።

«መታወቂያ?»

«ከልብሴ ጋር ሄዷል» አለ አሰልጣኙ።

«ፈቃድ?»

«ዳይሬክተሩ ጋ ነው።»

«ዳይሬክተሩስ?»

«ሄዷል።»

«የሮጠውስ ማነው?»

«ሾፌራችን ነው። ፈርቶ ነው።»

«የሚያስረዳላችሁ ሁሉ ሄዷላ» አለ መቶ አለቃው።

ሚጡ ስልኳን አወጣች። ጠዋት የቀረፀችውን ቪዲዮ ከፍታ ሰጠችው። አሰልጣኙ ከተንበረከከበት ሆኖ የገዛ ድምፁን ሰማ። «አንድም ቤት እንዳይቀር! እህል ካለበት ከነእህሉ!» ከዚያ ሳቁ መጣ። ሳቁን በተለይ ተለማምዶት ነበር፤ ሲስቅ መብራት የያዘው ሰው እንኳ ዓይኑን እንደሰበረ ነግረውታል። ያን ጊዜ ደስ ብሎት ነበር። አሁን ቪዲዮው ሳቁ ላይ ቆመ። ዳይሬክተሩ «ካት» ሲል አይሰማም፤ ሚጡ ከዚያ በፊት አጥፍታዋለች።

ረጅሙ ወታደር በመቶ አለቃው ትከሻ በላይ ሆኖ ሲያይ ቆይቷል።

«መቶ አለቃ» አለ ቀስ ብሎ። «የእኛን ሠፈር ሲያቃጥሉም እንደዚህ ነው የሳቁት። እናቴ ነግራኛለች። ልክ እንደዚህ ነው።»

ጠመንጃው ሲቀባበል አሰልጣኙ ሰማ። በፊልሙ ላይ ይህን ድምፅ በኋላ ነው የሚጨምሩት፤ እውነተኛው ከዚያ ያነሰና የደረቀ ነው።

«ተዋናይ ከሆንክ» አለው መቶ አለቃው፣ «ተነሣና አሁን በለው።»

ተነሣ። አንዴ ተንገዳግዶ ቆመ። ቃላቱን ፈለጋቸው። ጠዋት እንደ ውኃ ይወርዱለት የነበሩ ቃላት አንድም አልቀሩም። ደህና አድርጎ ቢለው ይህ ረጅም ልጅ ይገድለዋል። ባይለው ደግሞ ተዋናይ አይደለህም ተብሎ ይገደላል።

«አንድም…» አለ። ድምፁ እንደ ሕፃን ድምፅ ቀጥኖ ወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድም ቤት… እንዳይ… እንዳይቀር እባካችሁ።»

እባካችሁን ከየት እንዳመጣው አያውቅም። መጀመሪያ አንዱ ወታደር አፍንጫውን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ሌላው።

«እባካችሁ አለ እኮ!»

«ይሄ ነው ሻለቃ? ይሄ ቤት አይደለም ክብሪትም አያቃጥል!»

አሰልጣኙ ሊስቅ ሞከረ፤ የጠዋቱን ሳቅ። አፉ ተከፈተ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ወታደሮቹ ይበልጥ ሳቁ። መቶ አለቃው እንኳ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ያልሳቀው ረጅሙ ብቻ ነው፤ አፈሙዙን ግን ጥቂት ዝቅ አድርጓል።

ሳቁን ያቋረጠው ከወንዙ በኩል የመጣው ጩኸት ነው። ሁለት ወታደሮች ሦስተኛ ጓዳቸውን በብርድ ልብስ ተሸክመው ወጡ። ጭኑ ላይ የታሰረው ጨርቅ ጠቁሮ ይንጠባጠባል። ረጅሙ ወታደር ጠመንጃውን ረስቶ ወደ እሱ ሮጠ።

«ይሄ ልጅ ሐኪም ጋ ካልደረሰ አለቀለት» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ።

መቶ አለቃው ሚኒባሱን አየ። «መንዳት የሚችል?»

ወታደሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። የእነሱ መኪና ከነሾፌሩ ተቃጥሏል።

«እኔ ትራክተር ነድቻለሁ» አለ አንዱ።

«ትራክተር?»

«አንድ ጊዜ። እርሻ ላይ።»

«እኔ እነዳለሁ» አለ አሰልጣኙ።

ራሱም ሲናገር ተገረመ። ሁሉም ዞረው አዩት።

«መንዳት ማስተማር ነው ሥራዬ» አለ። «የኖርኩበት ነው። ከተማ ውስጥ የምታዩት ሾፌር ግማሹ የኔ ተማሪ ነው።»

መቶ አለቃው ትንሽ አሰበ። ብዙ የሚያስብበት ጊዜም አልነበረውም። «አንተ» አለው ረጅሙን፣ «ከጎኑ ተቀመጥ። መንገድ ከሳተ ታውቃለህ።»

ረጅሙ ወታደር ከመሳፈሩ በፊት የአሰልጣኙን ጃኬት ከነምልክቱ ከነማዕረጉ ከላዩ ላይ ገፈፈው። ጠቅልሎ ለሚጡ ሰጣት። «ቁስሉ ላይ ያዢው። በደንብ ተጫኚው። እንዳትለቂው።»

ሚጡ የቁስለኛውን ጭን አየች። ሰሞኑን ሁሉ ቁስል ስትሠራ ነበር፤ አሁን ግን ፊቷን አዙራ አስመለሳት። ከዚያ አፏን በክንዷ ጠርጋ ጃኬቱን ቁስሉ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ተጫነችው።

አሰልጣኙ በካኒቴራ መሪው ላይ ተቀመጠ። አፈሙዙ ጎድኑ ላይ አረፈ።

ሚኒባሱ ሲነሣ የገዛ አፉ መናገር ጀመረ። «ክላች… አንደኛ… ቀስ፣ ቀስ ብለህ ልቀቅ… መስታወት… ሁለተኛ…»

«ለማነው የምታወራው?» አለው ወታደሩ።

«ለራሴ ነው። ለተማሪ ስለው የኖርኩት ነው፤ ስፈራ ይመጣብኛል።»

«ዝም በል።»

ዝም አለ። ዝም ሲል እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሚኒባሱም ከመሪው ጋር ወዲያና ወዲህ አለ። ከኋላ ቁስለኛው ጮኸ።

«እሺ አውራ!» አለ ወታደሩ። «አውራ፣ አውራ።»

«ሦስተኛ… ጋዝ ቀንስ… ጉድጓድ በቀኝ…»

ጉድጓዱን ሲያልፉ አፈሙዙ ጎድኑን ደቃው።

«ወንድሜ» አለ አሰልጣኙ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ «ጣትህን ከቃታው ላይ አንሣልኝ። መንገዱን ታየዋለህ።»

«አንተ ጉድጓድ ውስጥ አትግባ።»

«ሁሉንም ልሸሸው አልችልም።»

ወታደሩ ጣቱን አነሣ። አፈሙዙን አላነሣም። በጎን ሲያየው አገጩ ላይ ፂም የሚባል ገና አልበቀለም፤ ከንፈሩን ይነክሳል። እሱም እንደሚፈራ አሰልጣኙ ያወቀው ያኔ ነው። ይህን ማወቁ አላጽናናውም። የሚፈራ ሰው ይተኩሳል።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ መሃሉ ላይ የተቃጠለ መኪና ቆሟል። ጎማዎቹ አሁንም ይጨሳሉ።

«እዚህ ነው የመቱን» አለ ወታደሩ። «ከዚያ ኮረብታ ላይ ያዩናል።»

«አሁንም ያዩናል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

በተቃጠለው መኪናና በድልድዩ አጥር መካከል ያለው ክፍተት ከሚኒባሱ እምብዛም አይሰፋም። በፍጥነት ካለፈ ይገጫል። ቀስ ካለ ይመታል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። መስታወቶቹን አጠፈና በአንደኛ ማርሽ ገባበት። ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ድምፅ አወጣ። አሰልጣኙ ወደ ተቃጠለው ጋቢና አላየም። ለማንም ተማሪ ያልነገረው ትምህርት ነበር፦ ወደዚያ አትይ።

አንድ ነገር በጣሪያው ላይ እንደ ጅራፍ ጮኸ።

«ንዳ!» አለ ወታደሩ። «ንዳ! ንዳ!»

አጥሩን እየፋቀ ወጣ። ጋዙን እስከ መጨረሻው ረገጠው። ከኋላው ሚጡ የሆነ ነገር ደጋግማ ትላለች፤ ጸሎት መስሎት ነበር። ሲያዳምጣት ለቁስለኛው ነው። «አይዞህ፣ ዓይንህን እንዳትከድን፣ እኔን እየኝ፣ እኔን እየኝ።»

ከተማው መግቢያ ላይ ሌላ ኬላ ነበር። የሠፈር ጠባቂዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች። አንዱ የኋላውን በር እንዲከፍት አሰልጣኙን አስወረደውና ሱሪውን አየ። ቦት ጫማውንም አየ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዶ ጠመንጃውን አዞረበት።

«ይሄ የእነሱ አይደለም እንዴ?»

ረጅሙ ወታደር ከጋቢናው ዘሎ ወርዶ በመካከላቸው ቆመ።

«ሾፌራችን ነው።»

«ሱሪውስ?»

«የተማረከ ሱሪ ነው። አንተ ሌላ ትሰጠዋለህ? አውልቅና ስጠው እንግዲህ! ልጁ እየሞተብኝ ነው፣ ክፈት!»

ሽማግሌው የገዛ ሱሪውን ቁልቁል አየ። ከዚያ መንገዱን የዘጋውን እንጨት አነሣ።

ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ነርሶቹ ቁስለኛውን ከሚጡ እጅ ተቀበሉት። ጃኬቱን ልቀቂ ቢሏትም ጣቶቿ አልላቀቅ አሉ፤ ዋናዋ ነርስ አንድ በአንድ ፈታቻቸው። ሐኪሙ ጭኑን አይቶ «በጊዜ ነው የመጣው» አለና አስገባው። ረጅሙ ወታደር በሩ እስኪዘጋ ተከትሎ ሄደ።

አሰልጣኙ ግድግዳ ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዋናዋ ነርስ ሱሪውን አየችና ምንም ሳትጠይቅ የሐኪም ቤት አረንጓዴ ሱሪ አምጥታ ጭኑ ላይ ጣለችለት።

«ቀይርና በጓሮ በር ውጡ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በፊት ለፊት ወታደር እየበዛ ነው። በጓሮ ከወጣችሁ መንደር ውስጥ ናችሁ።»

ቀይሮ ሲወጣ የሚጡ ስልክ ጠራ። ሾፌሩ ነበር፤ በሰው ሞተር ተፈናጥጦ ከእነሱ ቀድሞ ከተማ ገብቷል። ጥሏቸው ስለመሮጡ ሳያነሣ ስለ ሚኒባሱ ነው የጠየቀው። ቀጥሎ ዳይሬክተሩ ደወለ፤ ሚጡ ስልኩን ለአሰልጣኙ ሰጠችው።

«ደህና ናችሁ? ሁለታችሁም? ተመስገን! ከመኪናው ልወርድ ነበር፣ ያዙኝ እኮ!» አለ ዳይሬክተሩ። ድምፁ ይርገበገባል፤ አልቅሷል። «ስማ፣ አሁን አይደለም፤ ሲረጋጋ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። የቀረን ያንተ ሞት ብቻ ነው።»

አሰልጣኙ ስልኩን ዘጋው።

«እንሂድ ጋሼ» አለች ሚጡ። የጓሮው በር ከመተላለፊያው ጫፍ ላይ ተከፍቶ ይታያል፤ ከበሩ ባሻገር ልብስ የተሰጣበት ገመድ አለ።

ጥቂት እንደተራመዱ ረጅሙ ወታደር ከኋላ ደረሰባቸው። ጠመንጃው ጀርባው ላይ ነው። እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም።

«ጋሼ» አለ። እስካሁን እንዲህ ብሎት አያውቅም። «እዚያ ሁለት ቁስለኞች ቀርተዋል። አሁን በሬዲዮ ነገሩኝ።»

አሰልጣኙ ወደ እሱ ዞረ።

«መቶ አለቃው ነው ያዘዘው?»

«አይ። እሱ ልቀቀው ነው ያለኝ። ነፃ ነህ።» ወታደሩ አንድ እርምጃ ቀረበ። «እኔ ነኝ የምጠይቅህ።»

«በዚያው ድልድይ?»

«አስፋልቱ በሰው ተዘግቷል። ሌላ መንገድ የለም።»

«ኧረ በፈጣሪ!» አለች ሚጡ። «ጋሼ፣ እንዳትሰማው! ሌላ ሾፌር ይፈልጉ!»

አሰልጣኙ የጓሮውን በር አየ። የተሰጣው ልብስ በነፋስ ይወዛወዛል። ፍርሃቱ አልቀነሰም። ጭራሽ አሁን ድልድዩን ስለሚያውቀው ብሶበታል። የተቃጠለውን መኪና ጋቢና ያኔ ያላየውን ያህል አሁን እያየው ነበር።

የሚጡ ስልክ እንደገና ጠራ። ማያው ላይ የሚስቱ ፎቶ ወጣ። ሚጡ ወደ እሱ ዘረጋችው።

«እህቴ ናት። እንካ! እንካ አናግራት!»

እጁን ሰዶ ነበር። መሃል ላይ መለሰው።

«አንቺ አንሺው» አለ። «ክሊኒክ ነን፣ ደህና ነን በያት። በጓሮ ውጪና ቀጥታ እሷ ጋ ሂጂ።»

«አንተስ? ምን ልበላት ስለ አንተ? አንተው ንገራት!»

«ድምፅዋን ከሰማሁ አልሄድም» አላት።

ስልኩ ሚጡ እጅ ላይ እየጮኸ አሰልጣኙ ወደ ፊት ለፊቱ በር ዞረ። ግድግዳውን እየዳበሰ ሄደ። ወታደሩ ቀድሞት ሮጦ የሚኒባሱን በር ከፈተለት።